መንገዱ ክፍት ነው፤ እኔም ደህና ነኝ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በከተማችን በመሐል ሜዳ መኪና ተጨናንቆ ያየ አለ? ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴን ይዣለሁ፤ ትምህርት ቤት ከቆየሁባቸው ዓመታት በቀር ከዚህች ከተማ ወጥቼ አልኖርኩም፤ መኪና በመኪና ምክንያት ሲዘገይ አላየሁም። ስለ ብርዱ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ስለ በጉ ጠይቁኝ፣ እስኪመሽ አወራላችኋለሁ። መኪናው ግን ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሄዳል። ሁለት ሹፌሮች መሀል መንገድ ላይ ከተገናኙም ጎን ለጎን ያቆሙና የሚስቱን፣ የልጁን፣ የከብቱን ደህንነት ተጠያይቀው ነው የሚለያዩት። ከኋላቸው ጥሩንባ የሚነፋባቸው የለማ!

እንግዲህ የዚህችን ከተማ የመንገድ መጨናነቅ በኮምፒዩተር እንዲያጠና የታዘዘው ሰው እኔ ነኝ። አትሳቁ፤ ገና ምኑ ተነካና።

ነገሩ የመጣው በሥልጠና ነው። ደብረ ብርሃን ሄዶ የሚሠለጥን አንድ ሰው ላኩ ተባለ። በመሥሪያ ቤታችን ሁሉም ሰው ሚስት አለው፣ ባል አላት፣ የሚታጨድ ገብስ አለው። እኔ ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ፤ ልጅም አልሰጠንም። ስለዚህ ሥልጠና በመጣ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ስለ ንብ እርባታ ሠልጥኛለሁ፤ ንብ የለኝም። ስለ እሳት አደጋ ሠልጥኛለሁ። ስለ ጭንቀት አያያዝማ ሁለት ጊዜ ሠልጥኛለሁ፤ ሁለተኛውን ጊዜ አሠልጣኙ አስታወሰኝና ተሳቀቅን።

የአሁኑ አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ናትናኤል የሚባል ወጣት ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ግን ሲናገር ይፈጥናል። ያለው በአጭሩ ይህ ነው። የትልልቅ ከተማ ሰው መንገድ ሲዘጋበት ስልኩን ያወጣና ፌስቡኩ ላይ፣ ቴሌግራሙ ላይ ያማርራል። «እዚህ ቦታ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜያለሁ፣ ኧረ የመንግሥት ያለህ!» ይላል። እነ ናትናኤል ያንን ምሬት ይሰበስቡና ቦታውንና ሰዓቱን ለኮምፒዩተር ይሰጡታል። ኮምፒዩተሩም ሞዴል ይሠራል፤ ማለት ካርታ ያወጣና ሰው የማይበዛበትን መንገድ አረንጓዴ፣ የተጨናነቀውን ቀይ አድርጎ ያሳያል፤ ነገ የቱ እንደሚዘጋም ይተነብያል። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳማርር የኖርኩት ለካ ሀብት ነበር ብዬ አሰብኩ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ከተማ በስንት ሰዓት ነው የሚጨናነቀው?» አለኝ።

«በገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። በጎቹ ሲገቡ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሺ ይሳቁ። ያናደደኝ ግን ከሳቁት መሀል ሁለቱ የጎረቤታችን ከተማ የሞላሌ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ሞላሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ይመስል።

ተመልሼ የቴሌግራም ቡድን ከፈትኩ። ስሙን «የመሐል ሜዳ መንገድ» አልኩት። ሰው የሰበሰበልኝ ደረጀ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ በሰፈራችን የማያውቀው ሰው የለም፣ የማያውቀው ቢኖርም ያሳፍረዋልና ያውቀዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት መቶ ምናምን ሰው ገባ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ እየጻፍኩ ጉሮሮ መጥረግ ምን ይባላል? ብቻ ጠረግሁና «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ዛሬ መንገድ እንዴት ነው?» ብዬ ላክሁ።

ጭጭ።

መነበቡን ስልኩ ያሳየኛል። ያነበበ አለ፤ የሚመልስ የለም። በማግስቱም ጭጭ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ጻፈና ልቤ ዘለለ፤ ከፍቼ ሳይ አበባ ያለበት የበዓል ካርድ ነው፣ ያውም ያለፈው ዓመት በዓል። ቀጥሎ የጠፋች አህያ ማስታወቂያ መጣ። አመድማ ቡላ ናት ይላል።

ቀስ በቀስ መንገድ ነክ ነገር መምጣት ጀመረ። ግን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የኛ ሰው መንገድ ላይ ሳይሆን «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል። እናንተም ትላላችሁ፤ እኔም እላለሁ። ካልሲ እየፈለግን ነው «ደረስኩ» የምንለው። ደረጀ አንድ ጠዋት «መናኸሪያ በር ላይ ነኝ» ብሎ ጻፈ፤ ሌሎች አራት የባጃጅ ልጆችም ተከትለው «እኔም ደርሻለሁ» አሉ፤ ደንበኞቻቸውን ማረጋጋታቸው ነው። እኔ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቤ ለናትናኤል ላክሁ። ኮምፒዩተሩ መናኸሪያውን ደም አስመሰለው። ደንግጬ ካፖርቴን ደርቤ ስሮጥ ሄድኩ። መናኸሪያው በር ላይ አንድ በግ ቆሟል። እኔና እሱ ተያየን።

ደረጀን ያገኘሁት ቁርስ ቤት ፍርፍር ፊት ነው።

«አንተ፣ መናኸሪያ ነኝ አላልክም?»

«ጋሼ ይሙቱ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ እየጎረሰ።

የነደረጀን «ደርሻለሁ» ከካርታው አሰረዝኩ፤ ሪፖርት ግን ባዶውን አይላክም። ስለዚህ ራሴው መጻፍ ጀመርኩ። ቢሮ ስገባ፣ ለምሳ ስወጣ፣ ማታ ስመለስ። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ እስከ መናኸሪያው መንገዱ ክፍት ነው።» የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ባለ የመንግሥት አማርኛ አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት «መንገዱ ክፍት ነው። ብርዱ ለጉድ ነው» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት እጄ አመለጠኝና «መንገዱ ክፍት ነው፤ እኔም ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ማን ጠየቀህ በሉኝ። ማንም።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ቢሮ እንደገባሁ እደውልላት ነበር። ከቤታችን ቢሮ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ አንበሳ የለበት፣ ወንዝ የለበት። «ደርሻለሁ» እላታለሁ። «እሺ» ትለኛለች። በቃ፤ ይኸው ነው። አንዳንዴ እጇ ሊጥ ይሆንና «እሺ እሺ» ብላ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለች። እሷ ካረፈች በኋላ ብዙ ነገር ጎደለብኝ፤ ሌላውን ለመድኩት። ያችን እሺ ግን አልለመድኩም። ቡድኑን በየጠዋቱ የምከፍተው ለሪፖርት ነው እላለሁ እንጂ ከሁለት መቶ ምናምን ሰው አንዱ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ እሺ እንዲለኝ ነበር። አፍራለሁ ግን ይኸው ነው።

ወር ሞላና ናትናኤል ደወለ።

«ጋሼ፣ ሞዴሉ ደርሷል። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ።»

«ምኑ ልጄ?»

«ካርታው ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ከአንድ ቤት ይነሣል፣ ቢሮ ይሄዳል፣ ከቢሮ ዳቦ ቤት ይሄዳል፣ ከዳቦ ቤት ወደዚያው ቤት ይመለሳል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሌላ የትም አይሄድም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ከተማ ነው ወይስ አንድ ሰው ነው?»

«ትንሽ ከተማ ናት» አልኩት።

አዘነልኝ መሰለኝ፣ አንድ ወር ጨመረልኝ። ይህ ሞዴል ከተበላሸ ቀጣዩን ሥልጠና የሞላሌዎቹ ይወስዱታል፤ ይህም እንቅልፍ ነሣኝ። እንግዲህ እውነተኛ መጨናነቅ እፈልጋለሁ ብዬ በገበያው ቀን ማልጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። በጎቹ መጡ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ለማንሣት ወደ መሀል ገባ አልኩ። መሀሉ ላይ ከነበረው ሙክት ጋር የሚያጣላን ነገር አልነበረም፤ በእናቴ እምላለሁ አልነካሁትም። ብቻ ጉልበቴን ከኋላ ሲለኝ እኔ ወዲህ፣ ስልኬ ወዲያ። ስንት ሰዓት ሙሉ መኪና ያልታየበት መንገድ ያኔውኑ አንድ አይሱዙ ከየት እንዳመጣ እግዜር ይወቅ፤ ስልኬ ላይ ሄደበት። የበጎቹ ባለቤት ሮጦ መጣና ሙክቱን አገላብጦ አየው። «እንኳን አልተጎዳ» አለ።

የሰፈራችን ጠጋኝ ስልኩን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ ደብረ ብርሃን ካልሄደ አይሆንም አለ። በማግስቱ የእረፍት ቀን ነበርና ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው አውቶብስ ተሳፈርኩ። ለማንም አልነገርኩም። አልደበቅሁም፤ ማንን ፈልጌ ልንገር? በሬን ቆለፍኩና ሄድኩ። በሬ የሚቆለፈው በውስጥ ቁልፍ ነው እንጂ በጓጉንቸር አይደለም፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ይኑር አይኑር አይለይም። ይህን ያዙልኝ።

ደብረ ብርሃን ለስልኩ የሚቀየረው ዕቃ እስኪመጣ ሁለት ሌሊት አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ተነሣ፤ ካርዱን ግን ሳልሞላው ሚኒባሱ ሊወጣ ሆነና ዘልዬ ገባሁ።

መሐል ሜዳ የደረስኩት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። መናኸሪያው ላይ አንድ ባጃጅ የለም። ሱቆቹ ግማሾቹ ዝግ ናቸው። በእግሬ አዘገምኩ። ወደ ሰፈሬ መታጠፊያ ስቃረብ ያየሁትን ማመን አቃተኝ።

መንገዱ ተዘግቷል!

ባጃጅ ከባጃጅ ተነካክቶ ቆሟል። አግዳሚ ወንበር የጫነ አይሱዙ መውጫ አጥቶ ያጓራል። ከጀርባው ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ጀርባ ሁለት አህያ፣ ከአህዮቹ ጀርባ ጋቢ የለበሰ ሕዝብ። ጥሩንባ የሚነፋ ሹፌር ሳይቀር አለ! እንባዬ መጣ። ከወር በላይ የለመንኩት መጨናነቅ ያውም በራሴ ሰፈር! ነገር ዓለሙን ትቼ ማስታወሻዬን አወጣሁና መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አራት ባጃጅ። አንድ ሚኒባስ። አህያ የሚቆጠረው ከተሽከርካሪ ነው ወይስ ከእግረኛ የሚለውን ናትናኤልን እንድጠይቀው ጻፍኩ።

ከጎኔ በርኖስ የለበሰ፣ የማላውቀው ሰው ቆሟል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት እየጻፍኩ።

«ሰው ሞቶ ነው።»

«እግዚኦ! ማን?»

«የመንገዱ ሰውዬ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። «ቤተሰብ አለው?»

«የለውም አሉ። እኔም በመልኩ አላውቀውም፤ ከገጠር ነው የመጣሁት። ብቻ ያ ቴሌግራም ላይ በየጠዋቱ መንገዱ ክፍት ነው፣ እኔም ደህና ነኝ ይል ነበር። ዝም ቢል ጊዜ…» አለና ዓይኑን በበርኖሱ ጠረገ። «መቼም ያሳዝናል።»

እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ቀረ። ክው ብዬ ቀና ስል ድንኳኑ የተተከለው በማን ደጅ እንደሆነ አየሁ። በኔ ደጅ። የእድራችን ዳኛ አባባ ተክሌ በሬ ፊት ቆመዋል፤ አንድ ጎረምሳ ዲጂኖ አንሥቷል።

«ኧረ አትስበሩት!» ብዬ ጮህኩ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው!»

ያን ጊዜ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ጎረምሳው ዲጂኖውን እግሩ ላይ ጣለውና እውነተኛው ዋይታ ያኔ ተሰማ። ጎረቤቴ እትዬ ማሚቴ ሲያዩኝ ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ከዚያ ቀርበው ክንዴን ቆነጠጡኝ፤ ሥጋ መሆኔን ሲያረጋግጡ በጥፊ አሉኝ።

«አንተ ከይሲ! ሦስት ቀን በርህን ስደበድብ የት ነበርክ? ከሰል አፍኖት ነው ብዬ አልነበር ያለቀስኩት!»

«ደብረ ብርሃን ነበርኩ እትዬ።»

«ታዲያ አትናገርም?»

«ለማን ብዬ?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና እንደገና አለቀሱ፤ አሁን የሚያለቅሱት ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

አባባ ተክሌ ግን ተቆጥተዋል። «ድሮ በጥሩንባ ነበር የምንጠራራው። ጥሩንባ ነፊው ሬሳውን ሳያይ አይነፋም። ይኸው ስልክ አዋረደን!» አሉ። ከዚያ ድንኳኑን አዩ፣ የተቀቀለውን ንፍሮ አዩ፣ እኔን አዩ። «በል እንግዲህ ቁም ነገር ነውና ግባ። ንፍሮው አይደፋም።»

ገባሁ። በራሴ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ንፍሮ በላሁ። ሰው እየመጣ «እንኳን አተረፈህ» ይለኛል፤ እኔም «አብሮ ያትርፈን» እላለሁ። በርኖስ የለበሰው ሰውዬ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ መንገዱ ጠየቀኝ፤ ክፍት ነው አልኩት። ሳቅን። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ያልተቀመጠበት ደጄ ላይ ያን ከሰዓት መቀመጫ ጠፋ። አምላኬ ይቅር ይበለኝና፣ ምነው ሁለት ቀን ብሞት አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተነቀለ። አግዳሚዎቹ አይሱዙው ላይ ተጫኑ። ባጃጆቹ አንድ በአንድ ሄዱ። እኔም በሬን ከፈትኩና ገባሁ፤ ቤቱ እንደተውኩት ነው።

ካርዱን ሞልቼ ቡድኑን ስከፍት ነው ጉዱን ያየሁት። ወር ሙሉ ዱዳ የነበረ ቡድን ለካ አፍ ኖሮታል። በመጀመሪያው ጠዋት ደረጀ «ጋሼ ዛሬ አልጻፉም» ይላል። ቀጥሎ «ታመው ይሆን?» ቀጥሎ «ታመዋል አሉ።» ቀጥሎ «ብርዱ ስለሆነ ከሰል አስገብተው እንዳይሆን።» ከዚያ አንዱ የበራ ሻማ ሥዕል ለጠፈ፤ በኛ አገር ሻማ ከተለጠፈ ወዲያ እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነውረኛ ነው። ከዚያማ ጎረፈ። «መንገድ ላይ ነኝ።» «ደርሻለሁ።» «በራቸው ላይ ነኝ፣ ማቆሚያ የለም።» ሁሉንም ከማስታወሻዬ ጋር አስተያየሁት። አንድም ውሸት የለበትም። የኛ ሰው በሌላው ሁሉ መንገድ ላይ ነኝ ብሎ ይዋሻል፤ ለለቅሶ ግን ደርሻለሁ ካለ ደርሷል።

እኔም ሥራ ነውና የራሴን ሞት ቦታና ሰዓቱን እየለየሁ መዘገብኩ። መሀል ላይ አንዲት ሴት፣ ማን እንደሆነች ዛሬም አላውቅም፣ እንዲህ ብላለች፤ «በየጠዋቱ ደህና ነኝ ሲሉ እኔ እዚህ ሆኜ እሰይ እል ነበር። ጽፌላቸው ግን አላውቅም።» ለዚህ ቦታና ሰዓት አጣሁለት።

በሳምንቱ ናትናኤል ደወለ። ደስ ብሎታል።

«ጋሼ፣ አሁን ከተማ ሆነ! አንዲት ስህተት ብቻ አለች። አንድ ጠባብ መንገድ መጨረሻ፣ አንድ መኖሪያ ቤት ፊት፣ ትልቅ ቀይ ነጥብ አለ። እሷን ልሰርዛት ነው።»

«ስህተት መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ከዚያ ቀን በፊት ከቤቱ ባለቤት በቀር እዚያ ቤት ማንም አልሄደም፤ ከዚያ ቀን በኋላም አልሄደም። ሞዴሉ እዚያ ሰው አይመጣም ነው የሚለው።»

የያዝኩትን ስልክ ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ በመስኮት ደጄን አየሁ።

«ጋሼ? አሉ?»

«አለሁ። ሰርዛት» አልኩት። ልጁ ምን ያድርግ፣ ሥራው ነው።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ «መንገዱ ክፍት ነው፤ እኔም ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ጭጭ። በሚቀጥለውም ቀን ጭጭ። ሰው ደህና መሆንህን ካወቀ ምን ብሎ ይጻፍልህ? ይገባኛል። ቢገባኝም ከፋኝ።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ሆን ብዬ ሳልጽፍ ቀረሁ። ቢሮም አረፈድኩ። ካፖርቴን ለብሼ መስኮቴ ሥር ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ምን ዓይነት ጅል ነህ ብዬ ልነሣ ስል የባጃጅ ድምፅ መጣና ደጄ ላይ ቆመ።

«ጋሼ! አሉ?» ደረጀ ነው፤ ሳይወርድ ነው የሚጮኸው።

«አለሁ!»

«ምነው ዛሬ ዝም አሉ?»

«ረስቼው ነው።»

«ደህና ነዎት ግን?»

«ደህና ነኝ።»

«እሺ» አለና ባጃጁን አዙሮ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሲከፋኝ መርሳት ያምረኛል። በየሳምንቱ ብረሳ ደስታዬ ነበር። ግን አስቤበታለሁ፤ በወር ከአንድ ቀን በላይ አልረሳም። ካበዛሁት «ተዋቸው፣ አመላቸው ነው» ይሉኛል። አንድ ቀን ደግሞ የእውነቴን ዝም እላለሁ፤ እነዚያን ሁሉ ባጃጆች ለዚያ ቀን እፈልጋቸዋለሁ።